ይጻፍ ያላልኩበት ሐሙስ

ይድረስ ለምወድሽ ለእትዬ፣

እንደምን ከረምሽ? ወገብሽ ተሻለሽ ወይስ አሁንም ከወንበር ስትነሺ ታቃስቻለሽ? ባለቤትሽስ? ልጆቹስ አደጉ? አባባስ እንዴት ነው? ዓይኑን ሐኪም አየለት? እኔ በጤናዬ በኩል ምንም አልልም፤ እጄም እግሬም በቦታው አለ። ይህን የምለው ለወግ ያህል አይደለም፤ ዝቅ ብለሽ ስታነቢ ይገባሻል።

ስምንት ወር ሙሉ አልጻፍኩልሽም። ምክንያቱንም ታውቂዋለሽ። የአባባን የመኪና ቁልፍ ወስደሽ ከዛሬ ወዲያ አትነዳም ካልሽው ቀን ጀምሮ ቂም ይዤብሽ ነበር። በስልክም ሰው እንዴት አባቱን እንዲህ ያዋርዳል ብዬሽ ጆሮሽ ላይ ዘጋሁት። ዛሬ የጻፍኩልሽ ጭንቅ ስለያዘኝ ነው፤ ከአንቺ ሌላ የምጠይቀው ሰው ደግሞ የለኝም።

መስቀለኛ ቃላት መፍታት ያስለከፍሽኝ አንቺ ነሽ፤ ልክፍቱ እዚህም ተከትሎኝ መጣ። የምሠራው ብረት መጋዘን ውስጥ ነው። ከጣሪያው ሥር በሐዲድ የሚሄድ ትልቅ ክሬን አለ፤ የሚነዱት ጋሽ መዝገቡ ናቸው። እኔ ከታች ቆሜ ብረቱን በሰንሰለት አስራለሁ፣ በእጄም ምልክት እሰጣቸዋለሁ። መዝገቡ እውነተኛ ስማቸው አይደለም። የማያውቁት ቃል ስለሌለ መዝገበ ቃላት አልናቸው፤ ሲያጥር መዝገቡ ሆነ።

ሐሙስ ሐሙስ የምትወጣ ጋዜጣ አለች። የጀርባ ገጿ ላይ ያለው መስቀለኛ ቃላት እንደዋዛ የሚፈታ አይደለም። ከላይ አንድ ርእስ ይሰጥሻል፤ ረጃጅሞቹ መልሶች ሁሉ ከርእሱ ጋር መዛመድ አለባቸው። በምሳ ሰዓት አራታችን እንከባታለን፤ ጋሽ መዝገቡ፣ እኔ፣ ብረት በያጇ፣ እና ገና ከሩቅ ቁልፎቹ ሲንቃጨሉ ስለሚሰማ ቁልፌ የምንለው የዕቃ ግምጃ ቤቱ ሰው። አንድ ሰሞን ርእሱ «ጥርስ አላቸው፣ አይነክሱም» የሚል ነበር። መጋዝ ወዲያው መጣልን። «ጠዋት ጠዋት ጫካ ይገባል» የሚለው አምስት ፊደል ግን ግማሽ ሰዓት አሸን። በመጨረሻ ጋሽ መዝገቡ መላጣቸውን እየዳበሱ፣ እኔ ከተለየሁት ሃያ ዓመቴ ነው፣ ማበጠሪያ ነው አሉ። ቁልፌ የጎረሰውን እስኪተፋ ሳቀ። አራት ሰው አንድ ቃል ላይ አፍጥጦ ቆይቶ እኩል ሲበራለት ያለውን ደስታ ለአንቺ መንገር አያስፈልገኝም።

ጋሽ መዝገቡ እርሳስ አይነኩም። እርሳስ የሚይዝ ሰው ገና ሳይጀምር መሳሳቱን ያመነ ነው ይላሉ። እስክርቢቶው የእሳቸው ነው፤ ሆኖም አራታችንም «ይጻፍ» ካላልን አንዲት ፊደል አትሰፍርም። ሕጋችን ይህ ነው።

ከአምስት ሳምንት በፊት «ሚስማር ይመታበታል» ለሚለው ሦስት ፊደል፣ መጋዝ ነው አሉ። ዕድሜያቸውን ሙሉ መዶሻ የያዙ ሰው ናቸው። እየቀለዱ መስሎን ጠበቅን። እሳቸው ደግሞ እስክርቢቶውን አንሥተው እኛን ይጠብቃሉ። በያጇ መሬት መሬት አየች፤ ቁልፌን ሳል ያዘው። ይሉኝታ ይዞን ሦስታችንም ይጻፍ አልን። ከመሀሉ ፊደል ወደ ታች የሚወርደው ቃል «ላባ ያላት የቤት እንስሳ» ነበር። ዶሮ እንዳይገባ መጋዝ ዘጋው። እኔም ጋሪ ነው አልኩ። ይጻፍ ተባለ፣ ተጻፈም። ከዚያ ወዲህ በየሳምንቱ በእሳቸው ስሕተት ዙሪያ የራሳችንን ስሕተት እየደረደርን ጋዜጣውን ሞልተን እንነሣለን።

ነገሩ በቃላት ቢያበቃ ባላስቸገርኩሽ። ሰኞ ጠዋት ጋሽ መዝገቡ ረጅም የብረት ምሰሶ እያወረዱ ነበር። በያጇ መከለያዋን ፊቷ ላይ አድርጋ ከሥሩ ጎንበስ ብላለች። እጄን ጨብጬ ወደ ላይ አነሣሁ፤ ቁም ማለት ነው። በክሬኑ ደወል ሁለቴ ደወሉልኝ፤ ገብቶኛል ማለት ነው። ብረቱ ግን መውረዱን አላቆመም። በያጇን አንገትጌዋን ይዤ ጎተትኳት፣ ተያይዘን ወደቅን፤ ብረቱ እሷ የነበረችበት ቦታ ላይ አረፈ። ቀና ስል ጋሽ መዝገቡ ከላይ ሆነው ፈገግ ብለው እጃቸውን ያወዛውዙልናል።

በያጇ ጉልበቷን አራግፋ ለማንም እንዳልናገር ለመነችኝ። ጡረታ ሊወጡ ሰባት ወር ነው የቀራቸው፣ በክብር ይውጡ አለች። ቁልፌም ከክሬኑ ካወረዷቸው ይሞታሉ ይላል። ካላወረዷቸው ማን እንደሚሞት ግን አይናገርም። እኔ ከሰኞ ወዲህ አንገቴን ወደ ላይ ሰቅዬ ነው የምሠራው። ነገ ሐሙስ ነው። ከምሳ በኋላ የወሩ ከባድ ጭነት ይጠብቀናል። ለአለቃችን ለፎርማኑ ልንገር? ለራሳቸው ልንገር? እትዬ፣ አንቺ ያን ቀን ቁልፉን ስትወስጂ እጅሽ አልተንቀጠቀጠም?

ይህን ጽፌ ካቆምኩ ስምንት ቀን ሆነኝ። መልስሽን የምጠብቅበት ጊዜ አልነበረኝም።

ሐሙስ ርእሱ «ይዘረጋሉ፣ ይታጠፋሉ» የሚል ነበር። ካርታና ምንጣፍ ገቡ። ከዚያ «ዝናብ ሲመጣ ከራስ በላይ» የሚል አራት ፊደል መጣ። ጋሽ መዝገቡ መጋረጃ አሉና እስክርቢቶውን አነሡ። ቁልፌ ይጻፍ አለ። በያጇ ይጻፍ አለች። እኔ ይጻፍ አላልኩም። ጋሽ መዝገቡ ምነው፣ ምላስህን ዋጥከው እንዴ አሉኝ። ጋሼ፣ መጋረጃ አይደለም፣ ጃንጥላ ነው አልኳቸው።

በያጇን አዩዋት፤ ቀና አላለችም። ከመቼ ጀምሮ ነው ብለው ጠየቁ። ቁልፌ ተነሥቶ ግምጃ ቤት ያስቀመጣቸውን የአምስቱን ሳምንት ጋዜጦች አምጥቶ ፊታቸው አኖረ። እያንዳንዱን ቃል በጣታቸው እየተከተሉ አነበቡ። ላባ ያላት የቤት እንስሳ ላይ ሲደርሱ ይህ ጋሪ የማን ነው አሉ። የእኔ ነው አልኩ። ለምን ሲሉኝ፣ መጋዝዎ እንዳይፈርስብዎት ብዬ አልኳቸው። ጋዜጦቹን አጥፈው፣ ሰኞ ዕለት እጅህን ጨብጠህልኝ ነበር አሉኝ። አዎ አልኩ። መደወሌንስ አስታውሳለሁ አሉና ቀሪውን ሳይጨርሱ ተዉት።

የክሬኑን ቁልፍ ከአንገታቸው አውልቀው ወደ ፎርማኑ ክፍል የሚያወጣውን ደረጃ ጀመሩ። ልከተላቸው ብነሣ ሳይዞሩ እጃቸውን ጨብጠው ወደ ላይ አነሡ። ቆምኩ።

ከዚያ በኋላ ያለውን ሳምንት ለጠላቴም አልመኝም። ቁልፌ ሰንሰለት ስጠይቀው መሬት ላይ ወርውሮልኝ ይሄዳል። በያጇ ሌላ ጠረጴዛ ላይ ትበላለች። ክሬኑን የያዘው አዲስ ሰው እጄን ስጨብጥ ይቆማል፤ እኔ ግን ብረቱ በቆመ ቁጥር እንባዬ ይመጣል። አባባ ያን ሰሞን በር ዘግቶ ሲቀመጥ፣ እኔም ስዘጋብሽ፣ አንቺ እንዴት እንደቻልሽው ያኔ ነው የገባኝ።

ዛሬ ሐሙስ በምሳ ሰዓት ጋሽ መዝገቡ የክት ልብሳቸውን ለብሰው መጡ። ምርመራ ላይ ነኝ፣ ጭንቅላቴን በየማሽኑ እያስገቡት ነው አሉና ቦታቸው ተቀመጡ። ቁልፌ ተጠጋ። በያጇም ሳህኗን ይዛ መጣች። ጋሽ መዝገቡ ከደረት ኪሳቸው አዲስ እርሳስ አወጡ። የመጀመሪያውን ቃል አሉ፤ ልክ ነበር፣ ይጻፍ አልን። ሁለተኛውን ይጻፍ ሳንላቸው በእርሳሱ ሲጽፉ በያጇ አይደለም ጋሼ አለቻቸው። እርሳሱን ገልብጠው በላጲሱ አጠፉና እንግዲያው አንቺ በይ አሏት።

እትዬ፣ ይቅር በይኝ። ያዋረድሽው መስሎኝ ነበር።

ባለቤትሽን በጣም ናፍቆኛል በይልኝ። ትልቋን ልጅሽን ሳሚልኝ፤ መንታዎቹን ጆሯቸውን ቆንጥጠሽ አጎታችሁ ነው ያስቆነጠጣችሁ በያቸው። ጎረቤትሽን እማማን ጉልበት ሳሚልኝ። ለአባባ የዛሬውን መስቀለኛ ቃላት ባዶውን ቆርጬ ከዚህ ጋር ልኬለታለሁ። ፊደሉ ደቃቅ ስለሆነ እያነበብሽለት አብራችሁ ፍቱት። እርሳስ ስጪው፤ ሲሳሳት ንገሪው።

ታናሽ ወንድምሽ

ከመጋዘኑ የምሳ ክፍል፣ ሐሙስ፣ የካቲት ፲፱