ሰባተኛዋ ጤነኛ

ለምወድሽ እትዬ ሚሱክ፣

የሞክፖ ንፋስ እንዴት ይዞሻል? እኔ ደህና ነኝ፤ የላክሽው የጎመን ኪምቺ ደርሶኛል።

ዛሬ ግን ደሜ ፈልቷል። ከመርሳት በሽተኞቹ ጋር ለማነጻጸር ጤነኛ ተብለን የአንጎል ኤምአርአይ የምንነሳው እኛው ተመራማሪዎቹ ነን። ስም የለም፣ ቁጥር ብቻ ነው። አንጎልን ከደም የሚለየው አጥር በበሽታው የሳሳበት ቦታ ምስሉ ላይ ነጭ ሆኖ ይወጣል። ያ ልበ ድንጋይ አለቃችን፣ ፕሮፌሰር ማ፣ ምስሎቹን አገላብጦ፣ "ሰባተኛዋን ከጤነኞቹ አውጪልኝ፣ ሥራችንን ታበላሻለች" አለና የገብስ ሻዩን ፉት አለ። አጠገቡ ቆሜ እያለሁ፣ ማነች ብሎ እንኳ አልጠየቀም። እኔም "እሺ" ብዬ በገዛ እጄ ሰረዝኳት።

ለመሆኑ እማዬ የቤቷ መንገድ መጀመሪያ የጠፋት በስንት ዓመቷ ነበር? ቶሎ ጻፊልኝ።

ጤናውን ላንቺ ያብዛልሽ።

ታናሽሽ ቦራ፣ ከዴጆን