ተረፋ ነገራ ሌባ እንዳልሆነ ከከሳሹ የቀረበ አቤቱታ

ለከተማው ዐቃቤ ሕግ ጽሕፈት ቤት ኃላፊ
ነቀምቴ

ቀን፦ ኅዳር 3 ቀን 2018 ዓ.ም.
አመልካች፦ ሁዘይፋ በድሩ

ጉዳዩ፦ በስሕተት ያቀረብኩት የስርቆት አቤቱታ እንዲታረምና የተከሳሹ ንጽሕና በጽሑፍ እንዲረጋገጥ ስለመጠየቅ

ክቡር ሆይ፣

አቤቱታዬን በአፋን ኦሮሞ ማቅረብ ይገባኝ ነበር። እናገረዋለሁ፤ ጽሕፈቱ ግን አይሆንልኝም። ይህንን ጉዳይ ለጸሐፊ ነግሬ ማስጻፉም ስላሳፈረኝ በማውቀው ቋንቋ አቅርቤያለሁና በትሕትና ይቅርታ እጠይቃለሁ።

1. በነቀምቴ የእንጨት ሥራ ቤት አለኝ። አቶ ተረፋ ነገራ የዲጋ ተወላጅ ሲሆን፣ በእኔ ዘንድ አሥራ አንድ ዓመት በአናጢነት ሠርቷል። ባለቤቴ አዚዛ የመጀመሪያ ልጃችንን ስታምጥ እኔ አኖ ከተማ ላይ በር እየገጠምኩ ነበር፤ በባጃጅ ይዟት ሄዶ ሆስፒታል ያደረሳት እሱ ነው። ይህን የምጽፈው ማንን እንደከሰስኩ እንዲታወቅ ነው።

2. አምና የአጎቴ ልጅ ከዱባይ በስልክ የሚታዘዝ ባለባትሪ ድሪል አመጣልኝ። አፑ በሁለታችንም ስልክ ተጫነ። ለዋንዛው፣ ለባሕር ዛፉ፣ ለኮምፔንሳቶው ፍጥነቱንና ጉልበቱን ለየብቻ ያስተካከለው ተረፋ ነው። እኔ የማውቀው ካርታውን ከፍቶ ድሪሉ የት እንዳለ ማየት ብቻ ነበር።

3. መስከረም 27 ቀን ድሪሉ ጠፋ። ካርታውን ስከፍት ምልክቱ ዲጋ፣ ተረፋ ቤት ላይ ቆሟል። በሠራተኞቼ ፊት ጠየቅሁት። «እሑድ እርስዎን አስፈቅጄ የእናቴን በር ሠራሁበት፤ ሰኞ መልሻለሁ» አለኝ። ማስፈቀዱ እውነት ነበር። እኔ ግን ስልኩን ፊቱ ላይ ደቀንኩበት። «ኦቦ ሁዘይፋ፣ ስልኩን ይተዉና እኔን ይዩኝ» አለ። እኔ ያየሁት ስልኩን ነው።

4. በማግስቱ አቤቱታ ፈረምኩ፤ ተያዘ። ቤቱ ሲፈተሽ እናቱ አዴ ዲንቄ ታመው ተኝተው ነበር። ፍራሻቸው እንዲታይ ሁለት ጎረቤቶች ደግፈው አስነሷቸው። ድሪሉ አልተገኘም። «ሸጦት ይሆናል» ብዬ በቃሌ ጸናሁ።

5. ጥቅምት 12 ቀን አዴ ዲንቄ አረፉ። ጎረቤታቸው ሽማግሌው አቶ ቶላ ከዲጋ ድረስ መጥተው ደጄ ላይ ቆሙ። «አቤቱታህን አንሳለት፤ ልጁ እናቱን ይቅበር» ብለው ለመኑኝ። ደንበኞች ይሰሙ ነበር፤ የተሞኘሁ መስሎ መታየት አልፈለግሁም። «መጀመሪያ ዕቃዬን ይመልስ» አልኩ። ክቡር ሆይ፣ ይህን የተናገርኩት እኔ ነኝ። ሽማግሌው አልተቆጡም፤ «ሐዬ፣ እሺ» ብለው ተመለሱ። አዴ ዲንቄ ያለ ልጃቸው ተቀበሩ። ከእሱ ሌላ ልጅ አልነበራቸውም።

6. ጥቅምት 17 ቀን ወይዘሮ ሸዋርጋ የተባሉ ደንበኛ ደወሉልኝ። የኩሽናቸው ቧንቧ አፍስሶ፣ ቧንቧ ሠራተኛው የካቢኔቱን ወለል ሲነቅል ድሪሉ ከሥሩ ተገኘ። ያንን ጣውላ ሰኞ መስከረም 26 ቀን፣ ድሪሉን ከሥሩ ረስቼ፣ የመታሁት እኔ ራሴ ነኝ። ካርታውን እንደገና ከፈትኩት። ለካ የሚያሳየው ድሪሉ ከስልክ ጋር ለመጨረሻ ጊዜ የተገናኘበትን ቦታ እንጂ አሁን ያለበትን አይደለም። ከምልክቱ ሥር በደቃቅ ቁጥር የእሑዱ ቀን ተጽፏል። ያኔም ተጽፎ ነበር፤ አላነበብኩትም።

7. በዚያው ቀን አቤቱታዬን አነሳሁ፤ ተረፋም ከአሥራ ዘጠኝ ቀን እስር በኋላ ተለቀቀ። ዲጋ ሄጄ እግሩ ላይ ወደቅሁ። አነሳኝ፤ ውሃም ሰጠኝ። ከዚያ «ሃርሜ ‹ልጄ ሰርቋል ወይ?› እያለች ነው የሞተችው። መልሱን ከእኔ አልሰማችም» አለኝ።

8. መዝገቡ የተዘጋው አቤቱታዬን ስላነሳሁ ነው ይላል። ሰው ይህን ሲሰማ ሌባውን የማርኩት ይመስለዋል። «ደግ ሰው ነህ» ብለው የመረቁኝ አሉ። ተረፋን ግን የሚቀጥረው የለም። ጠዋት ከዲጋ መጥቶ በየሥራ ቤቱ ይጠይቃል፤ ማታ ባዶ እጁን ይመለሳል። በእኔ ደጅ አያልፍም፤ እኔም ና የምልበት አፍ የለኝም።

ስለዚህ ከክቡርነትዎ የምለምነው፦

ሀ) ተረፋ ነገራ ምንም እንዳልወሰደና ስሕተቱ የከሳሹ እንደነበረ በመዝገቡ እንዲሰፍር፤

ለ) ይኸው በአፋን ኦሮሞ ተጽፎ፣ ማኅተም አርፎበት እንዲሰጠው፤

ሐ) በእኔ ላይ ሕጉ የሚለው ካለ ጠበቃ ሳላቆም እቀበላለሁ።

የአዴ ዲንቄ አርባ ኅዳር 21 ቀን ነው። ፍተሻውን ያዩት ጎረቤቶች ሁሉ ያን ቀን ይሰበሰባሉ። ደብዳቤው ከዚያ ቀድሞ ቢደርስ አቶ ቶላ ሊያነቡት ፈቅደዋል፤ ሲነበብ እኔም በሁሉም ፊት እቆማለሁ። ተረፋ ቀብሩን አጥቷል። አርባዋን እንኳ አንገቱን ሳይደፋ እንዲያወጣ ይርዱኝ።

ከታላቅ አክብሮትና ከጸጸት ሰላምታ ጋር

ሁዘይፋ በድሩ
(ፊርማ)