አንዴ ብቻ ያደገ ጺም፦ የባሻ አምባው ልደቱ የሕይወት ታሪክ

ባሻ አምባው ልደቱ ከአባታቸው ከአቶ ልደቱ ካሳዬና ከእናታቸው ከወይዘሮ አሰፋሽ ይመር በወሎ፣ በሐይቅ ከተማ በ1951 ተወለዱ። ዘመኑን በፈረንጅ የቆጠርነው ባሻ ራሳቸው ጅቡቲ ከገቡ ወዲህ በዚያው ስለለመዱና የእኛን ቁጥር ሲጠየቁ ጣታቸውን እያጠፉ ያሰሉ ስለነበር ነው።

ለእናታቸው አንድ ልጅ ነበሩ። አባታቸው ገና በሕፃንነታቸው ስላረፉ ወይዘሮ አሰፋሽ ብቻቸውን አሳደጓቸው። ትምህርታቸውን በሐይቅና በደሴ እስከ ስምንተኛ ክፍል ተከታተሉ። ዋና የለመዱት እዚያው ሐይቁ ላይ ነው። ባሕር እንዴት አልፈራህም ለሚላቸው ሁሉ “ውሃ እንደሆነ ድሮም ጎረቤቴ ነው” ይሉ ነበር።

በ1970 ምጽዋ ወርደው በባሕር ኃይል ተቀጠሩ። የምልክት ሠራተኛ ሆነው በመርከብ ላይ ሲያገለግሉ ከአንድ አንጋፋ መርከበኛ ፀጉር ማስተካከልንና ጺም መላጨትን ተማሩ። ማዕበል መርከቡን እያንገላታው የሰው ጉሮሮ ላይ ምላጭ ማሳረፍ ቀላል ነገር አይደለም፤ ባሻ ግን አንድም ሰው አላደማሁም ብለው ይምሉ ነበር፤ የሚመሰክር ሰው ስላልተገኘ አምነናቸዋል። በየጠዋቱ የመላጨት ልማድ የያዛቸውም ያኔ ነው። ለእረፍት ሐይቅ ሲመለሱ እናታቸው ከሁሉ አስቀድመው በእጃቸው ጀርባ ጉንጫቸውን ይዳስሱ ነበር። ለስላሳ ከሆነ “ልጄ ደህና ነው” ይላሉ፤ ሌላ ጥያቄ የላቸውም።

በ1991 መንግሥት ሲለወጥ መርከባቸው ጅቡቲ ገባች። ባሻ ዩኒፎርማቸውን አጥፈው ሻንጣ ውስጥ ከተቱ፤ ምላጩን ግን ከኪሳቸው አላወጡም። ወደብ ላይ ጭነት እያወረዱ ሲኖሩ በማዕከላዊ ገበያ በርበሬና ሽሮ ከምትሸጠው ከድሬዳዋዋ ልጅ ከሙሉነሽ ጋር ተዋወቁ፤ በ1993ም ተጋቡ። እናታችን ወይዘሮ ሙሉነሽ ምን አይተሽ አገባሽው ስትባል “ከዚያ ሁሉ ወዛደር መሐል ተላጭቶ የሚመጣው እሱ ብቻ ነበር” ትላለች። ይህን ስትል ባሻ አጠገቧ ካሉ አገጫቸውን ቀና ያደርጉ ነበር። በካርቲዬ ሁለት ሠፈር ቤት ተከራይተው እኛን ልጆቻቸውን፣ ሰብለወርቅንና ጀንበሬን፣ ወለዱ።

በ1998 ከኤርትራ ጋር ጦርነት ሲነሳ የኢትዮጵያ ዕቃ ሁሉ በጅቡቲ በኩል ሆነ፤ መንገዱም በከባድ መኪና ተሞላ። ባሻም ከጅቡቲ ከተማ ወጣ ብሎ የከባድ መኪናዎች ማረፊያ በሆነው በፔካ 12 ዳስ ጥለው፣ መስታወት ሰቅለው ፀጉር ማስተካከል ጀመሩ። “ባሻ” የሚለው ማዕረግ የባሕር ኃይል አይደለም፤ የሾሟቸው የፔካ 12 ሾፌሮች ናቸው። እሳቸውም ሹመቱን ያለ ክርክር ተቀበሉ። ወደ የመን ሊሻገሩ የሚያልፉ ልጆች አቧራ ለብሰው ሲመጡ ጠርተው ያስቀምጧቸውና “እናትህ ድንገት ብታይህ እንድታውቅህ” እያሉ ያስተካክሏቸው ነበር። ከእነዚያ ልጆች አንዳንዶቹ ዛሬ በያሉበት ሆነው ደውለው አልቅሰዋል፤ እግዚአብሔር ይስጥልን።

በ2000 በጅቡቲ ጦር የበታች ሹም የሆኑት አጁዳን ሙጠሊብ በፔካ 12 ሲያልፉ ባሻ ዳስ ገብተው ተላጩ። የአንድ ካምፕ የሥነ ሥርዓት ኃላፊ ነበሩና ከመስታወቱ ፊት ሳይነሱ “ከነገ ጀምሮ ከእኔ ጋር ነህ” አሏቸው። ባሻ በዚያ ካምፕ ፀጉር አስተካካይ ሆነው እስከ ሕመማቸው ድረስ ሠሩ። ራሳቸው የሚተኩሱትን ነጭ ካፖርት ለብሰው፣ ከወታደሩ ሁሉ ቀድመው ተላጭተው ነበር የሚገቡት።

በደንብ ጉዳይ ቀልድ አያውቁም ነበር። ፀጉር አንገትጌ እንዳይነካ፣ ጺም እንዳይታይ፣ መለዮ ከቅንድብ በላይ በትክክል እንዲቀመጥ ከአጁዳኑ ይልቅ እሳቸው ይጨነቁ ነበር። ቢሆንም ወታደሩን ሁሉ እንደ ብሎኬት አንድ ዓይነት ማድረግ አይወዱም። “ደንቡ ቁመቱን ይወስናል እንጂ መልኩን አይወስንም” ይሉና የእያንዳንዱን ግንባር፣ የእያንዳንዱን ማጅራት አይተው፣ ደንቡ ከሚፈቅደው ውስጥ ለዚያ ሰው የሚያምረውን ይፈልጉለት ነበር። አንገቱ በምላጭ ለሚቆጣበት ወታደር ጺሙ በተኛበት አቅጣጫ መላጨትን አስተምረው፣ ሸብ አሽተውለት ይልኩታል። ከእሳቸው ወንበር የተነሳ ሁሉ ደንብም አክብሮ፣ ራሱንም መስሎ ይወጣ ነበር።

በ2005 ጀላሉዲን የሚባል ምልምል ወታደር መጣ። እናቱን በሕፃንነቱ ያጣ፣ አክስቱ ያሳደገችው፣ ኳስ የሚወድ የራስ ዲካ ሠፈር ልጅ ነው። ግራና ቀኙን ተላጭቶ መሐል አናቱ ላይ ፀጉር አቁሞ ነበር። አማርኛውን ከሾፌሮች ነበርና የለመደው፣ “ባሻ፣ ይቺን ተዉልኝ፤ እኔ ማለት እኮ ይቺ ነኝ” ብሎ ለመናቸው። ባሻ ሳቁ። “እኛ አገር ይሄ ጉትዬ ይባላል፤ የሚያደርጉት ሕፃናት ናቸው። አንተማ ከሥሩ ነህ፤ እስቲ ገልጠን እንይህ” ብለው በቶንዶሱ አነሱለት። ልጁ መስታወት እያየ አናቱን ዳበሰ፤ ከዚያ ወዲህ ግን ከባሻ ክፍል አልጠፋም። በእረፍት ሰዓቱ ምላጭ መሳልና መላጨት አስተማሩት። ለእሳቸው ሦስተኛ ልጅ ሆነ፤ ለእኛም ወንድም።

በ2006 የሆነውን ሳንናገር የባሻን ታሪክ ተናገርን ማለት አንችልም። በዚያ ዓመት ከፋሲካ በኋላ ወይዘሮ አሰፋሽ ሐይቅ ላይ አረፉ። ወሬው ጅቡቲ ሲደርስ እናታችንና የዕድሩ ሽማግሌዎች ተማከሩ። ለጁን 27 የነፃነት በዓል ካምፑ በሙሉ ሊሰለፍ ነው፤ ባሻ ያን ሁሉ ወታደር የሚያዘጋጁበት ጊዜ ነበር። ሰልፉ ይለፍና መርዶው ይነገራቸው ተባለ። ለእሳቸው ታስቦ ነበር፤ በሥራቸው መሐል ልባቸው እንዳይሰበር። በዓሉ ካለፈ በኋላ ሰዎቹ ማለዳ መጥተው አረዷቸው። መቼ እንደሆነ ሲሰሙ ባሻ እጃቸውን ጉንጫቸው ላይ አድርገው “እናቴ አፈር ለብሳ እኔ በየጠዋቱ ስላጭ ነበር ማለት ነው?” አሉ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ምላጭ ፊታቸውን አልነካም። ባሻ አምባው፣ በሕይወታቸው ለመጀመሪያ ጊዜ፣ እንደ አገራቸው ወግ ለሐዘን ጺም አሳደጉ። ካፖርታቸውን ተኩሰው፣ ጺማቸውን አጎፍረው ካምፕ ይገቡ ነበር። አጁዳን ሙጠሊብ አይተው እንዳላዩ አለፉ፤ ምልምሎቹ መንሾካሾክ ሲጀምሩም አለፉ። ነገር ግን አንድ ጠዋት በፍተሻ ሰልፍ ላይ ጀላሉዲንም ጺሙን ሳይላጭ ተገኘ። ለምን ሲባል “የባሻ እናት ሞታለች” አለ። በማግስቱም፣ ከዚያም በኋላ አልላጭም አለ። ለእስር ተዳረገ፤ እምቢታው ከቀጠለም ከሠራዊቱ እንዲሰናበት ወደ ላይ ሊጻፍበት ሆነ። ያ ልጅ ከመለዮው ሌላ የሚመካበት ነገር አልነበረውም።

አጁዳኑ ወደ ባሻ ክፍል መጥተው “ባሻ፣ ወላሂ ያንተን ጺም አላየሁም ብዬ ነበር። አሁን ግን ሌላ ጺም መጣብኝ” አሏቸው። ባሻ የልጁን ነገር የሰሙት ገና ያኔ ነው። በእናታቸው ሐዘን ከማንም ጋር ሊነጋገሩ አይፈልጉም ነበር፤ ቤት ውስጥ እንኳ ጺማቸውን ያነሳ ሰው አልነበረም። ወዲያው ጀላሉዲን እንዲመጣላቸው ለመኑ።

ልጁ ሲመጣ ባሻ ሌላውን ሲያስቀምጡበት በኖሩት ወንበር ላይ ራሳቸው ተቀምጠው፣ ጨርቁን አንገታቸው ላይ አስረው ጠበቁት። ምላጩን አቀበሉት። ጀላሉዲን “እጄ አይታዘዘኝም፣ ባሻ” አለ። እሳቸውም “እናቴ ከእኔ ሌላ ልጅ አልነበራትም። በእሷ ሐዘን የሌላ ሰው ልጅ ከቦታው ባፈናቅል የምትቀበለኝ ይመስልሃል?” አሉት። እያለቀሰ ላጫቸው። እሳቸውም አለቀሱ። ምላጩ አዳልጦት ከአገጫቸው ሥር ቆረጣቸው፤ ያቺ ጠባሳ እስከ መጨረሻው አብራቸው ነበረች። ጨርሶ ሲያበቃ ባሻ ተነስተው እሱን አስቀመጡና ጺሙን በራሳቸው እጅ አነሱለት። አጁዳን ሙጠሊብ በሩ ላይ ቆመው ነበር። ከዚያ በኋላ ልጁን ወደ ሰልፉ መለሱት፤ ወደ ላይ ሊጻፍ የነበረውም ደብዳቤ አልተላከም። እናታችን ለባሻ ካፖርት እጅጌ ጥቁር ጨርቅ ሰፋችላቸው። በደንቡ ላይ እንዲህ ያለ ነገር አልነበረም፤ አጁዳኑም ግን አልከለከሉም።

ባሻ በእናታችንም ሆነ በዕድርተኞቹ አልተቀየሙም። ከጊዜ በኋላ እንዲያውም “እኔም ብሆን ይህንኑ አደርግ ነበር” ብለዋል። ከዚያ ወዲህ ግን የእናታቸው መታሰቢያ በሚውልበት ቀን ራሳቸውን አይላጩም፤ ጀላሉዲን መጥቶ ይላጫቸዋል። ከዓመት ዓመት ይህ ቀርቶ አያውቅም።

ዓመታቱ በደስታ አለፉ። ሰብለወርቅ አስተማሪ ሆነች፤ ጀንበሬ በአዳማ ሥራ ያዘ፤ ጀላሉዲን ወደ ሳርጃንነት ማዕረግ አድጎ ምልምሎችን መቅጣትም ማቆላመጥም ተማረ። አጁዳን ሙጠሊብ ጡረታ ሲወጡ ያን ሁሉ ዓመት ሲያሳድዱት የኖሩትን ጺም አሳድገው፣ ሂና ተቀብተው ብቅ አሉ። ባሻ በሳቅ ፈረሱ። “አጁዳን፣ ወደ ላይ ልጻፍብህ?” ሲሏቸው የሳቁት ሳቅ አሁንም በሠፈሩ ይወራል።

በ2016 ባሻ በድንገት ታመው ቀኝ እጃቸው አልታዘዝ አለ። ምላጭ መያዝ አቃታቸው። ያን ያህል ዓመት በራሱ እጅ የተላጨ ሰው ይህ ምን ያህል እንደሚከብደው እኛ አይተናል። ሳርጃን ጀላሉዲን ግን በየጠዋቱ ወደ ካምፕ ከመሄዱ በፊት በካርቲዬ ሁለት ቤታቸው እየመጣ ላጫቸው። ትንሽ ከዘገየ ባሻ በር በሩን ያያሉ። ሲጨርስም በግራ እጃቸው ጀርባ ጉንጫቸውን ዳስሰው ይመርቁት ነበር።

ሕመሙ ሲጠናባቸው ልጆቻቸውን ሰብስበው “ለእኔ ብሎ ጺም የሚያሳድግ ሰው እንዳይኖር። ተላጭታችሁ ቅበሩኝ” ብለው አዘዙ። በሐኪሞችና በቤተሰባቸው ሲረዱ ቆይተው ማክሰኞ ኦክቶበር 17 ቀን 2017 በተወለዱ በ66 ዓመታቸው አረፉ። ጀንበሬን ከአዳማ ሌት ተቀን ነድተው ለቀብሩ ያደረሱልን የፔካ 12 ሾፌሮች ናቸው።

ከግንዘቱ በፊት ጀላሉዲን ዕቃውን ይዞ በሩ ላይ ቆሞ፣ እስላም ስለሆነ መግባት ይፈቀድለት እንደሆነ ካህኑን ጠየቀ። ካህኑም “ልጁ አይደለህ እንዴ? ግባ” አሉት። የባሻን የመጨረሻ ጺም እሱ ላጨ። ያችን የአገጭ ጠባሳም ቀስ ብሎ ዞራት።

ዛሬ የባሻን ትዕዛዝ ሁላችንም አክብረናል። ጀንበሬ ተላጭቷል፤ የካምፑ ልጆች፣ ሾፌሮቹ፣ ጎረቤቶቻችን ሁሉ ተላጭተው ቆመዋል። ትዕዛዙን የጣሰ አንድ ሰው ብቻ ነው። ሳርጃን ጀላሉዲን ዩኒፎርሙን ለብሶ፣ መለዮውን አስተካክሎ፣ ከማክሰኞ ወዲህ ያልተላጨ ፊቱን ይዞ ከመካከላችን ቆሟል። እስከ ሰባተኛው ቀን ፈቃድ ጠይቆ አለቆቹ ሰጥተውታል፤ ለእነዚህ አለቆች ምስጋናችን ከልብ ነው። ባሻ ቢያዩት “ና፣ ተቀመጥ” ይሉት ነበር። በሰባተኛው ቀን ጀንበሬ በአባቱ ወንበር ላይ አስቀምጦ፣ በአባቱ ምላጭ ይላጨዋል። እስከዚያው ግን ይቺን አንዲት ጥፋት ባሻ ይቅር ይበሉን።

ባሻ አምባው የአንዲት ሚስት ባል፣ የሦስት ልጆች አባት ነበሩ። ስደተኛ ሆነው ለመጡባት፣ ሥራና ወዳጅ ለሰጠቻቸው ለጅቡቲ፣ ለካምፑ፣ ለዕድራችን፣ ለቀድሞው አጁዳን ሙጠሊብ፣ በዚህ ሙቀት አብራችሁን ለቆማችሁ ሁሉ፦ ውለታችሁን እግዚአብሔር ይክፈልልን። ለወይዘሮ ሙሉነሽና ለልጆቻቸው መጽናናትን ይስጥልን። የባሻን ነፍስ ከደጋጎቹ ጋር ያሳርፍልን፤ ወይዘሮ አሰፋሽም በዚያ በር ላይ ተቀብለው በእጃቸው ጀርባ ጉንጫቸውን ሲዳስሱ ለስላሳ ሆኖ አግኝተው፣ “ልጄ ደህና ነው” ይበሉልን። አሜን።