ሄንክ በአባቱ ስም የተጠራበት ሰሞን

የካቲት 2፣ ከቁርስ በኋላ

ገጽ አራት ላይ ነን። ሄንክ በማጉያ መነጽር እያነበበ ይተረጉምልኛል፤ እኔ እጽፋለሁ። የሱ እጅ ይንቀጠቀጣል፤ የቅጹ ሳጥኖች ደግሞ የምስር ፍሬ ያክላሉ። ውጭ ሀገር ለሚኖር ጡረተኛ የተዘጋጀ የገቢ ግብር ማስታወቂያ ነው። ሲያዘጋጁት አንድም ጡረተኛ ያማከሩ አይመስለኝም።

ማስታወሻዬ፣ ሄንክ ባንተ ገጾች ላይ ብዙ ጊዜ አልፏል። ሆላንዳዊ፣ ድሮ እዚሁ አዲስ አበባ የቴክኒክ ት/ቤት መምህር፤ ሚስቱ ካረፈች ወዲህ የኛ ሰርቪስ ቤት ተከራይ። ከተከራይነት ወደ ወንድምነት የዞረበትን ቀን ግን አልመዘገብኩም። ጋዜጠኛ ነኝ ባይ!

አድራሻ ላይ ተጋጨን። የመንገድ ስምና የቤት ቁጥር ይላል። እኔ ከ18 ማዞሪያ ገባ ብሎ፣ ከወፍጮ ቤቱ ጀርባ፣ ሰማያዊ በር ብዬ ጀመርኩ። ወፍጮ ቤቱ ጋ ሳንደርስ ሳጥኑ አለቀ። ሄንክ እንባው እስኪመጣ ሳቀ። በመጨረሻ የፖስታ ሳጥን ቁጥሬን ሰጠን።

ዋናው ነገር፦ እዚህ ለመኖሩ ከወረዳ ማስረጃ ማያያዝ አለበት። ያለዚያ ሆላንድ ካለችው ልጁ ቤት እንደሚኖር ተቆጥሮ ጡረታው በዚያው ሂሳብ ይቆረጣል። የሚተርፈው እዚህ አያኖረውም። ወደ ሀገሩ መሄድ ነው።

መጨረሻው ገጽ ላይ አንድ ጥያቄ ዘለለ። በኋላ አለኝ።

የካቲት 5፣ ከሰዓት

ወረዳ። ወረፋ። መብራት ሄዶ መጣ። ጸሐፊዋ ትዕግስት የምትባል ልጅ፣ ፈጣን፣ ደግ። ሙሉ ስም አለች። ሄንክ። የአባት? ፒት። የአያት? ትንሽ አሰበና ክላስ አላት። ሳይጠየቅም ፒት ዳቦ ጋጋሪ እንደነበረ፣ እንደሞተ ጨመረላት።

«ነፍስ ይማር፣ አባባ» አለች እየጻፈች። ከኋላችን የተሰለፉትም ነፍስ ይማር አሉ። ስለ አንድ ሆላንዳዊ ዳቦ ጋጋሪ፣ ኮልፌ ውስጥ፣ በወረፋ ላይ! ሄንክ ዞሮ ሁሉንም በአንገቱ እጅ ነሳ።

ማኅተም ተመታ። ደስ ብሎን ተመለስን።

የካቲት 6፣ ጠዋት

ጉድ። ማስረጃው ሄንክ ፒት ክላስ ይላል። ሄንክ በጡረታው፣ በባንኩ፣ በፓስፖርቱ የሚታወቀው ቫን ሜርቬልት በሚል የቤተሰብ ስም ነው። ፒት የሚባል ነገር የትም የለም። በግብር ሰዎቹ ዓይን ኮልፌ የሚኖረው ሌላ ሰውዬ ነው።

ዕድሜዬን ሙሉ ጋዜጣ ላይ የሰው ስም ሳጣራ ኖሬ አላየሁትም። እንዴት ልየው? ስም፣ የአባት ስም፣ የአያት ስም። ምን ይጎድለዋል?

ዛሬውኑ ሄደን እናስተካክል አልኩት። አልቸኮለም። ወረቀቱን ወደ ብርሃን ይዞ ብዙ ቆየ። በሀገሩ የአባቱን ስም የሚጠራ ሰው ከጠፋ ስንት ዘመኑ ነው አለኝ። እሱ ራሱም ጠርቶት አያውቅም ማለት ይቻላል። ከዚያ ሄዶ ጽጌረዳዎቹን አጠጣ።

የካቲት 8፣ እሑድ

ቅበላ። ሚስቴ አስካለ ክትፎ ሠራች። ገበታ ላይ እያለን የሄንክ ልጅ አኒካ ደወለች። ስልኩን ሁላችንም እንድንሰማ ከፍቶ ነው የሚያወራው፤ ቋንቋው ባይገባንም። በኋላ ተረጎመልን። ቤቷ ፎቅ ላይ ያለው ክፍል ለሱ ተቀብቷል። ሐኪሙ ቅርብ ነው። የእጁን መንቀጥቀጥ ይከታተሉለታል።

ምን ልበል? ልጅ ናት። ልክ ናት። ተናደድኩባት።

የዘለለውን ጥያቄ አሁን አውቄዋለሁ። እሱ እጁን ሲታጠብ ቅጹን በስልኬ አንስቼ አስተረጎምኩ። ወደ ሀገርዎ ለመመለስ ያስባሉ? ሁለት ሳጥን፦ አዎ፣ አይ።

አስካለ ታዝባኛለች። ዕቃ ስናነሳ፦

«ጠይቀው እንጂ! ዕድሜህን ሙሉ ሚኒስትር ስታፋጥጥ ኖረህ አንድ ሄንክ አቃተህ?»

የሚኒስትር መልስ አስፈርቶኝ አያውቅም ነበር።

የካቲት 10፣ ከሰዓት

ወረዳ እንደገና። ትዕግስት ፓስፖርቱንና ማስረጃውን ጎን ለጎን አስቀምጣ ደነገጠች። ደግነቱ መፍትሔ አላት፦ ሁለቱም ስሞች የአንድ ሰው መሆናቸውን ጎረቤት ከመሰከረ አዲስ ትጽፋለች። እኔ አከራይ ስለሆንኩ አልበቃሁም። ሐጂ ከድርን ጠራን፤ የእድራችን ሰብሳቢ፣ ማዞሪያው ላይ የቧንቧ ዕቃ ነጋዴ። ሱቁን ዘግቶ መጣ።

ይህን ሰው ከመቼ ጀምሮ ያውቁታል አለችው።

«የውሃ ፓምፔን ጠግኖ ብር አልቀበልም ብሎ ካስቀየመኝ ጊዜ ጀምሮ።»

ይህ አይጻፍም አለች። ጻፊው አለ ሐጂ። ሳቀች፣ ሌላ ጻፈች። ሁለቱም ስሞች አሉበት። ማኅተም።

ስንመለስ ሚኒባስ ውስጥ ሐጂ ወደ ሄንክ ዞረ። ለቅሶ ሲሆን ድንኳን ሲተክሉ፣ አግዳሚ ሲሸከሙ አይዎታለሁ፤ ስምዎ ግን እድር ውስጥ የለም፤ መቼ ነው የሚገቡት?

ሄንክ በዚያ አማርኛው፦ «እኔ ገና አልሞተም።»

«እኛስ ሞተን ነው እንዴ የገባነው!»

ታክሲው በሙሉ ሳቀ። ሄንክም። ከዚያ ግን ወሬውን ትቶ ለረዳቱ የሦስታችንን ሂሳብ ከፈለ። እድር የሚቀብርህን ሰው መምረጥ ነው። ሐጂ የቅጹን ጥያቄ ሳያነብ ጠየቀልኝ። እኔ መልሱን አላገኘሁም።

የካቲት 11፣ ጠዋት

ሄንክ ቤቱ የለም። ቁርሱን አልበላም። ቅጹ ጠረጴዛው ላይ፣ ማጉያው ከላዩ። ነገ በዓል ስለሆነ ዛሬ ፖስታ ቤት ካልገባ የማስገቢያው ቀን ያልፋል። አስካለ ሁለቴ በር ወጥታ አየች። እኔ የምጽፍልህ እጄ ሥራ እንዳይፈታ ነው።

በዚያው ቀን፣ ቀትር

መጣ። ሐጂ ሱቅ ነበር። ስለ ፓምፕ ሲያወሩ የቆዩ መስሎኝ ነበር። ተመዝግቧል። ሐጂ የቤተሰብ ስም የሚባል አላውቅም፣ የአባት ስም ይንገሩኝ ብሎት፣ የእድሩ መዝገብ ላይ ሄንክ ፒት ሆኗል። ለአኒካ ማታ እደውላለሁ አለ። ክረምቱን መጥታ እንድታይ። ታለቅሳለች አለ። እሱም ትንሽ።

ከዚያ ቅጹን ስቦ የዘለለውን ጥያቄ ገለጠ። ብዕሩን እንደ ልማዴ አነሳሁ። እጁን ዘረጋልኝ፦ ይህቺን እኔ።

ምልክቱ ከሳጥኑ ወጥቶ፣ መስመሩን ተሻግሮ፣ ኅዳጉ ላይ አረፈ። የትኛው ሳጥን እንደሆነ ግን የማይለይ ሰው የለም። ዕድሜ ልኬን አራሚ ነኝ፤ እጄን በላኝ። አላረምኩትም።

አሁን ፖስታውን እያሸገ ነው። ምላሱን አውጥቶ፣ እንደ ተማሪ። ማዞሪያው ላይ ታክሲ ሳይጠፋ መውጣት አለብን፣ አስካለ ደግሞ ሽሮው ቀዘቀዘ እያለች...