ገዳዩን እንጂ ጎረቤታቸውን ያልከሰሱት ወይዘሮ ከፈለች ዳምጤ

ወይዘሮ ከፈለች ዳምጤ ከአባታቸው ከአቶ ዳምጤ አያሌው እና ከእናታቸው ከወይዘሮ ዘሊካ ይማም በ1952 ዓ.ም. በሮቢት አካባቢ ተወለዱ። እናታቸው ከእስላም ቤት ወጥተው ክርስቲያን ያገቡ ስለነበሩ፣ ወይዘሮ ከፈለች በልጅነታቸው ፋሲካን በአንዱ አያታቸው ቤት፣ ዒድን በሌላው ቤት እየዋሉ አደጉ። ዕድሜያቸው ለትምህርት ሲደርስ ትምህርት ቤት ገብተው እስከ አራተኛ ክፍል ተማሩ። በ1965 ዓ.ም. ድርቅ ከብቱም እህሉም ሲያልቅ ቤተሰቡ ወደ ቆቦ ተሰደደ፤ እሳቸውም ትምህርቱን ትተው፣ በሰው ቤት እየሠሩ ታናናሾቻቸውን አሳደጉ።

በ1974 ዓ.ም. ከመካኒኩ ከአቶ ተሾመ ገብሬ ጋር ተጋብተው ሴት ልጃቸውን ፍሬዓለምን እና ወንድ ልጃቸውን አበባውን ወለዱ። ባልና ሚስቱ በቆቦ ገበያ ዳር ወፍጮ ቤት ከፈቱ። አቶ ተሾመ በ2001 ዓ.ም. ሲያርፉ ሰዉ ሁሉ ወፍጮው ይሸጣል ብሎ ነበር። ወይዘሮ ከፈለች ግን ቀበቶውን በገዛ እጃቸው እየቀየሩ፣ ድንጋዩን እያስወቀሩ ሥራውን ቀጠሉ። ቁጡ ነበሩ። ተራ የጣሰ ሰው እህሉን ሳያስፈጭ ይመለስ ነበር፤ ዛሬ እዚህ ከቆምነው ስንቶቻችን ቀምሰነዋል።

ከዚህ በኋላ ያለውን ታሪክ «የቀብር ቀን ነው፣ ይቅር» ያሉን ነበሩ። አልተውነውም፤ እሳቸውም በሕይወት ቢኖሩ አይተዉትም ነበር።

በ2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ቆቦ በገባ ጊዜ፣ የሒሳብ መምህር የነበረው ልጃቸው አበባው በቤቱ በር ላይ፣ እናቱ እያዩ፣ በጥይት ተገደለ። የገደለው ትግርኛ የሚናገር ታጣቂ ነበር። ወይዘሮ ከፈለች ፊቱን አይተውታል፤ በግራ ጉንጩ ላይ የእሳት ጠባሳ ነበረው። ልጃቸውን በነጠላቸው ጠቅልለው፣ ጎረቤታቸው አቶ ነጅሙዲን በጋሪ አድርሰውላቸው ቀበሩት። የሚያለቅስለት ሰው እንኳ ከቤቱ መውጣት አልቻለም ነበር።

ታጣቂዎቹ ከተማዋን ለቀው ሲወጡ ድንኳን ተጣለ። ለቅሶው ሳይነሣ የሰፈሩ ወጣቶች ዱላና ድንጋይ ይዘው መጡና «እማማ ከፈለች፣ የወንድማችንን ደም እንመልሳለን» አሉ።

«ከማን ነው የምትመልሱት?» ብለው ጠየቁ።

ወጣቶቹ ወደ አጥሩ ማዶ አመለከቱ። እዚያ የሚኖሩት ወይዘሮ ለተኪዳን ነበሩ፤ በወጣትነታቸው ከትግራይ መጥተው ቆቦ ውስጥ አግብተው ባላቸው የሞተባቸው፣ ለሰፈሩ ልጆች የትምህርት ቤት ልብስ እየሰፉ የሚተዳደሩ ሴት።

ወይዘሮ ከፈለችም እንዲህ አሉ፦ «የልጄን ገዳይ አይቼዋለሁ፤ ጉንጩ ላይ ጠባሳ አለው። ለተኪዳን ጉንጯ ላይ ምን አለ? ጎበዝ ከሆናችሁ ሂዱና እሱን አምጡልኝ። ግን እሱ ጠመንጃ ይዟል፤ እሷ የያዘችው መቀስ ነው። ለዚህ ነው እሷን የመረጣችሁት።»

«ደማቸው አንድ ነው!» ብሎ አንዱ ጮኸ፤ ሌሎቹም ተከተሉት።

ወይዘሮ ከፈለች ከሐዘን ፍራሻቸው ተነሥተው፣ ነጠላቸውን እንዳዘቀዘቁ አጥሩን ዞረው የለተኪዳን ደጃፍ ላይ ተቀመጡ። ድንጋይ ተወረወረ። አንዱ ግንባራቸውን ፈነከታቸው። ደሙ ዐይናቸው ላይ እየወረደ «ደም ፈልጋችሁ ነበር፤ ይኸው የአበባው እናት ደም። በቅቷችኋል ወይስ ትጨምራላችሁ?» አሉ። አቶ ነጅሙዲን ከመስጊድ ሽማግሌዎችን ይዘው ደርሰው ከጎናቸው ሲቆሙ ሰዉ እየተሳደበ ተበተነ። ወይዘሮ ለተኪዳንም ከዚያ ቀን ጀምሮ እስከ ክረምት በወይዘሮ ከፈለች ቤት ተቀመጡ።

ያንን ሥራቸውን ከተማው አልወደደላቸውም። ወፍጯቸው «የባንዳ ወፍጮ» ተባለ። ሴቶች ማሽላቸውን ተሸክመው በደጃፋቸው እያለፉ ሌላ ወፍጮ ሄዱ። ከእድር ይሰረዙ የሚል ሐሳብ ቀርቦ የደገፈው ብዙ ነበር። የግቢያቸው በር ላይ በቀይ ቀለም ስድብ ተጻፈ። ፍሬዓለም ልታጠፋው ስትል «ተይው፤ የጻፈው ራሱ መጥቶ ያጥፋው» ብለው ከለከሏት። የሚያጠፋው አልመጣም። ዛሬ አስከሬናቸው የወጣው በዚያው በር ነው፤ ያላያችሁት ካላችሁ ስትመለሱ እዩት።

ይህ ሁሉ ሲሆን ወይዘሮ ከፈለች ገዳዩን ይቅር ብለዋል ማለት አይደለም። ቃላቸውን ለመስጠት ከቢሮ ቢሮ ተመላለሱ። አንድ ጠያቂ «ልጅዎን የገደሉት ትግሬዎች ናቸው፣ አይደል?» ቢላቸው ተቆጥተው «አንድ ሰው ነው። ‘ናቸው’ አትበለኝ፤ ‘ናቸው’ ካልክ እሱ መሐላቸው ገብቶ ያመልጠኛል» አሉት። የንስሐ አባታቸው ይቅር እንዲሉ ሲመክሯቸውም «መጀመሪያ ይያዝ» ብለው መለሱ። ሰውዬው እስከ ዛሬ አልተያዘም።

ባለፈው ዓመት ኩላሊታቸውን ታመው ደሴ ድረስ እየተመላለሱ ሲታከሙ ቆዩ። አልጋ ላይ ሳሉ ቻላቸው የተባለ የሰፈሩ ወጣት ሊጠይቃቸው መጣ። «እማማ፣ የፈነከትኩዎ እኔ ነኝ» አለ።

«አውቃለሁ። አይቼሃለሁ።»

«ታዲያ እናቴን እንዴት አንድ ቀን እንኳ ፊት ነሥተዋት አያውቁም? እኔን ሰላም አይሉኝም፤ እሷን ግን ስመው ነው የሚያልፉት።»

ወይዘሮ ከፈለች ጥያቄው ራሱ ገረማቸው። «እናትህ ምን አደረገችኝ?» አሉት።

ቻላቸው እንባውን መያዝ አልቻለም። እሳቸውም ወንበሩን በጣታቸው አሳይተውት «ያንተን ገና አስብበታለሁ። እስከዚያው ተቀመጥ» አሉት። እስኪያርፉ ድረስ በየቀኑ እየመጣ ተቀመጠ። ስሙን እዚህ የጠራነው እሱ ራሱ «ጥሩኝ» ስላለን ነው።

ወይዘሮ ከፈለች ዳምጤ የካቲት 14 ቀን 2017 ዓ.ም. በተወለዱ በ65 ዓመታቸው ከዚህ ዓለም በሞት ተለይተዋል። ልጃቸውን ፍሬዓለም ተሾመን፣ የልጅ ልጆቻቸውን ሩትንና ምሥራቅን፣ እንዲሁም ከቤተሰቡ ጋር ሐዘን የተቀመጡትን ወይዘሮ ለተኪዳንን ትተው አልፈዋል።

ሰውን በጅምላ የማይመዝን፣ እያንዳንዱን በስሙና በሥራው የሚጠራ አምላክ የእናታችንን ነፍስ በስሟ ጠርቶ ከልጇ ከአበባው ጎን ያኑርልን። ለእኛም ከሞታቸው በፊት ያላገኘነውን ልብ ከሞታቸው በኋላ ይስጠን። አሜን።