ለጠባብ ቸርኬ የተላከ ሰፊ ጎማ

ይድረስ ለወንድሜ ለምስጋናው፣ ሐዋሳ ካለህበት።

እንደምን ከረምክ? ያ ሌት ተቀን ይፈልጠኝ ነበር ያልከው ራስ ምታት ለቀቀህ ወይ? ማርታስ ደህና ናት? ልጃችሁ ጥርስ ሊያበቅል ነው ብላችሁኝ ነበር፣ በቀለለት? የሐይቁ ወባስ አልደረሰባችሁም? እኛ ፈጣሪ ይመስገን ቆመን እንሄዳለን። ባለቤቴ መንግሥቴ ደህና ነው፣ ልጆቼ ደህና ናቸው፣ ሻይ ቤቴም እንደምታውቃት መናኸሪያው በር ላይ አለች። ደህና ያልሆነውን ደግሞ ቀጥዬ እነግርሃለሁ።

በስልክ ያልነገርኩህ ጠባይህን ስለማውቅ ነው። ገና አፌን ስከፍት ትስቃለህ፤ ቆጣ ስል ደግሞ ኔትወርክ ተቆራረጠ ትልና ትዘጋዋለህ። ወረቀት እንዲህ አይዘጋም። ሻይ ቤቱን ቆልፌ ተቀምጬ ነው የምጽፍልህ፣ አንተም ተቀመጥና አንብብ።

በመጀመሪያ አንድ ውሸት ላንሣልህ። እማዬ ዓይኗን ሳታሠራ የቀረችው ለዘመቻ የሚመጡት የዓይን ሐኪሞች ስላልመጡ ነው ብለንሃል። መጥተዋል እንጂ! አራት ቀን ሙሉ ሰቆጣ ተቀምጠው የስንቱን ዓይን ከፍተው ሄዱ። በሰዓቷ ያልደረሰችው እማዬ ናት። ያላደረሳት ደግሞ ያንተ ጎማ ነው።

አዎ፣ ያ በአውቶቡስ አስጭነህ የላክኸው ጎማ። "ጎማ ሲሰፋ መሬት ይቆነጥጣል፣ የወንዝ አሸዋ ላይ አይሰምጥም፣ መኪናዋም ግርማ ታገኛለች" ብለህ ግማሽ ሰዓት ያስተማርከን። ለመሆኑ አንተ ከመቼ ወዲህ ነው የጎማ ሊቅ የሆንከው? እኔ የማውቅህ የመኪና ወንበር ልብስ ስትሰፋ ነው። የሀብታም ልጆች ጎማቸውን አሰፍተው ሐይቁ ዳር ሲንሸራሸሩ አይተህ ልብህ እዚያ ቀረ። እነሱ እኮ የሚነዱት አስፋልት ላይ ነው፣ ያውም ባዶ መኪና። የእኛ ሚኒባስ አሥራ ስምንት ሰው ውስጧ፣ ማሽላ በጆንያ ጣሪያዋ ላይ ተሸክማ ነው ከጽጽቃ ሰቆጣ ያለውን የዝቋላን ጠመዝማዛ የምትወጣው የምትወርደው። ተወልደህ ያደግህበትን መንገድ እንዲህ ቶሎ ትረሳዋለህ?

ስትገዛ የቸርኬውን ስፋት የጠየቅኸው ሰው አለ? ማንን ጠይቀህ! ቸርኬው መኪናዋ ከፋብሪካ ይዛው የወጣችው ያው ጠባቡ ነው። ጎሚስታው ትንሣኤ፣ ከሻይ ቤቴ ጎን ግድግዳ ተጋርቶኝ የሚሠራው፣ ጎማው ከአውቶቡስ እንደወረደ በስንዝሩ ለካና ራሱን ነቀነቀ። "ሰርኬ፣ ይኼ ለዚህ ቸርኬ በጣም ይሰፋል" አለኝ። "አስገባው ካላችሁኝ አስገባዋለሁ፤ ግን ሆዱ ወደ ጎን ያብጣል። ባዶዋን ቀጥ ብላ ስትሄድ ምንም አትሆንም። ሰው ሞልታ መሪው ሲጠመዘዝ ግን ፓራፋንጎው፣ ከላዩ ያለው ቆርቆሮ፣ ይበላዋል። መሬት ሳይነካ ይመለስና ጠበብ ያለውን ይላክላችሁ" አለ። ሻጩ ብዙ ያልተነዳበትን እቀይራለሁ ማለቱን አንተው ነግረኸን ስለነበር ለእንዳለው ሄጄ ነገርኩት።

እንዳለውን መቼም ታውቀዋለህ፣ የአክስታችን ልጅ ነው፣ ምን ይደረግ። የመኪናዋን መሪ ካስያዝከው ወዲህ ቁልፉን በጣቱ ሳያሽከረክር ቤተ ክርስቲያን እንኳ አይሳለምም። ትንሣኤን "አንተ የተበሳ ካላማዳሪህን ለጥፍ" አለው። ሃያ ዓመት ጎማ ሲፈታና ሲገጥም የኖረውን ሰው! ያንኑ ቀን አራቱንም አስገጠመ። ነባሮቹን፣ ገና ሁለት ክረምት የሚያገለግሉትን ጎማዎች፣ አንዱን ለመጠባበቂያ፣ ለስኮርታ አስቀርቶ ሦስቱን ለበረባሶ ሠሪ ሰጣቸው። አሁን ገበያ ውስጥ በሰው እግር ሲሄዱ አያቸዋለሁ። እነሱ እንኳ ካንተ ጎማ ይልቅ ሰው አድርሰዋል።

ከዚያ ደግሞ ሳይሞከር ይጸበል ተባለ። የካቲት ኪዳነ ምሕረት ዕለት መኪናዋን እማዬ ካለችበት ጽጽቃ ይዟት ሄደ፣ እኔም አብሬ ሄድኩ። ወደ ጸበል የምትሄድ መኪና ሰው አታጭቅም ብሎ ከኔ ሌላ ማንንም አልጫነ። ባዶዋን ምን ይነካታል! እየተንሳፈፈች ደረሰች፣ እሱም "የታለ የትንሣኤ ወሬ?" እያለ ሲያሾፍ ዋለ። አጎታችን ቄስ ገብረ አምላክ ጸበሉን ረጩላት፣ ጥብጣብ ታሰረላት፣ ሴቶቹም እልል አሉ። ሁሉም እየነካ መረቀ። እማዬም በተራዋ እጇን ይዘን ወሰድናት። ጎማውን ከታች ጀምራ ዳሰሰችው፣ ወደ ላይ ወጣችና ከፓራፋንጎው ሥር ጣቷን ሰደደች። እዚያ ላይ ቆመች። በኽምጣኛ "ጣቴ አያልፍም እኮ። ሰው ስትጭን ይህ ወዴት ሊሄድ ነው?" አለች። ሰው ሁሉ ሳቀ። እንዳለውማ "እማማ ደግሞ ጎሚስታ ሆነች" ብሎ ሆዱን ይዞ ነው የሳቀው።

ሰቆጣ ስንመለስ ትንሣኤ አሁንም አልረፈደም ቢል፣ እንዳለው "ጸበል የተረጨበት ጎማ ሱቅ ይመለሳል? እናንተ ክርስቲያን አይደላችሁም?" ብሎ ጮኸ። እኔም እውነቱን ልንገርህ፣ የተጸበለ ነገር ይመለስ ማለት ከበደኝና ወደ ሻይ ቤቴ ገባሁ። ከዚያ በኋላ ሰው በጫነ ቁጥር የተቃጠለ ጎማ ይሸት ጀመር። ምንድን ነው ሲሉት፣ ጎማው መንገዱን እየለመደ ነው ይላል። በል ስማ፣ ጎማ መንገድ እየለመደ ነው!

የእማዬ ተራ ዓርብ ነበር፣ የሐኪሞቹ የመጨረሻ ቀን። ከሌላ ሰው ጋር ቀደም ብላ ትምጣ ብል፣ እንዳለው ከኔ መኪና ሌላ ማን ያመጣታል ብሎ ተቆጣ። ጠዋት አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ካርዷን ይዤ ሆስፒታሉ በር ላይ ቆምኩ። ሦስት ሰዓት ላይ ነርሷ ስሟን ጠራች። መንገድ ላይ ናት አልኩ። አምስት ሰዓት ላይ ጠራች፣ እየደረሰች ነው አልኩ። ስምንት ሰዓት ላይ ስትጠራ እጄን ብቻ አወጣሁ። ከኋላዬ የነበሩት ሁሉ አልፈውኝ ገቡ። የእንዳለው ስልክ አይሠራም። ምስጋናው፣ እንደዚያ ቀን የሰው መኪና ድምፅ አዳምጬ አላውቅም።

ለካ መኪናዋ ገና ግማሽ መንገድ ላይ ነበረች። ሰውና ጆንያ ሞልታ ዳገቱን ስትጀምር ጎማው ፓራፋንጎውን ይፍቅ ጀመር። እንዳለው ፍሬን ነው ብሎ ተሳፋሪው ለመንገድ የያዘውን ውኃ እየተቀበለ ጎማው ላይ አፈሰሰ። ሦስተኛው መጠምዘዣ ላይ የፊት ቀኙ ጎማ ጎኑ ተበልቶ ፈነዳ። ስኮርታውን አሠረ። አንዱ ጠባብ ሌላው ሰፊ ሆኖ እያነከሰች ጥቂት እንደሄደች ግራውም ፈነዳ። ሌላ ስኮርታ የለም። ያ ሁሉ ሰው ወርዶ በእግሩ ሄደ። እማዬ የአንዲት የማታውቃት ሴት ነጠላ ጫፍ ይዛ፣ በጾም ሆዷ፣ በዚያ ፀሐይ እየተደናቀፈች ሄደች። አሸዋ የጫነ መኪና አግኝቷቸው ሆስፒታሉ በር ላይ ያወረዳት አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ነው።

ሐኪሞቹ ዕቃቸውን አሥረው ነበር። አንዱ አዘነላትና በባትሪ አየላት። ቀኙ ሊሠራ ይችላል፣ ግራው ግን ብዙ የሚጠብቅ አይደለም፣ የምንመለሰው ከክረምት በኋላ ነው አለን። እሷ አመሰገነችው። ከበሩ ስንወጣ ያለችኝ አንድ ነገር ብቻ ነው፣ "ለምስጋናው እንዳትነግሩት፣ በሰው አገር ይከፋዋል" አለች። ውሸቱ የመጣው ከዚህ ነው። እኔ ግን ይክፋህ ብዬ ነው የነገርኩህ።

እንዳለው አላፈረም። የተበጣጠሰውን ጎማ ተሸክሞ መጥቶ "የሰው ዓይን ነው የበላን" አይልም? ጸበሉን ደግሞ ምነው አልሠራ ብሎ ቄስ ገብረ አምላክ ጋ ሄደ አሉ። እሳቸውም "ልጄ፣ እኔ ጸበል ረጨሁ እንጂ ፓራፋንጎ አላሰፋሁም" ብለው መለሱት። እሰይ!

እንግዲህ አንተንም እንዳለውንም ስሰድብ ወረቀቱ አለቀ። አንድ ነገር ግን ቀረኝ። ያን ቀን እማዬ ጣቷን ስትሰድ ሁሉም ሳቀ ብዬሃለሁ። መጀመሪያ የሳቅሁት እኔ ነኝ። ትንሣኤ ያለውን በጆሮዬ ሰምቼ፣ እሷም በጣቷ አግኝታው፣ እኔ ሰው ፊት እንዳላፍር ሳቅሁ። አፈር በበላሁ። ላንተ ያለኝን ንቀት ሁሉ ስጽፍ ግማሹ የራሴ መሆኑን እያወቅሁ ነው።

አሁን የቀሩትን ሁለቱን ጎማዎች እዚያው አንተ ጋ እልካቸዋለሁ፣ ሐይቅህ ዳር ተቀመጥባቸው። በልኩ የሆነውን ደግሞ አንተ ራስህ ይዘህ ና። ከጥቅምት በፊት፣ ሐኪሞቹ ሳይመለሱ። እማዬንም አንተ ታመጣታለህ፣ እጇን ይዘህ።

መንግሥቴ ሰላም ብሎሃል። ልጆቹ አጎታችን መቼ ይመጣል እያሉ ነው። ቄስ ገብረ አምላክ እግዚአብሔር ይፍታህ ብለውሃል። ትንሣኤ ሰላም ብሎ የጎማውን ትክክለኛ ቁጥር በዚህ ወረቀት ጀርባ ጽፎልሃል። የእንዳለውን ሰላምታ አልጠየቅሁትም። ማርታን ሰላም በልልኝ፣ ልጁን አንተ ሳምልኝ።

የእማዬ ሰላምታ ከወረቀቱ ጋር የታጠፈው ክር ነው። መደበቁ እንደማይሆንልኝ ስነግራት፣ ትንሣኤ ጋ ውሰጂኝ አለች። የፈተለችውን ክር ቸርኬው ላይ ከጠርዝ እስከ ጠርዝ ዘርግታ በሁለቱም ጫፍ ቋጠሮ አሠረችበት። "ሲገዛ በዚህ ይለካ፣ ልጄ መለኪያ አጥቶ ነው" አለች። ቋጠሮውን ምነው እንዲህ አገዘፍሽው ብላት፣ "በጣት ሲዳሰስ እንዲገኝ ነው" አለችኝ።

እኅትህ ሰርካለም

ሰቆጣ፣ መጋቢት ፱ ቀን ፳፻፲፯ ዓመተ ምሕረት