ሕመሙ ተወኝ ያልከኝ ቀን

ውድ አባዬ፣

ስልኬን እንደማታነሳ ስለገባኝ ጻፍኩልህ። ትናንት ወንድሜ ቤት ደውዬ ስልኩን ሊሰጥህ ሲል «ተኝቷል በላት» ስትለው በጆሮዬ ሰምቼሃለሁ።

የዚያን ቀን ጠዋት ከልብስ ስፌት ቤትህ ደግፈው ሲያመጡህ የድንገተኛ ክፍሉ ተረኛ ነርስ እኔ ነበርኩ። ሜትሩ እንኳ ከአንገትህ አልወረደም። ላብ አጥምቆሃል። የልብ ምትህን በኢሲጂ ሳነሳ መስመሩ ሽቅብ ወጥቷል፤ አንዱ የልብህ ደም ሥር ተዘግቷል ማለት ነው። ሐኪሙን ጠርቼ፣ አስፕሪን አስውጬህ፣ የረጋ ደም የሚያሟሟውን መድኃኒት ላዘጋጅ ዞር ስል፦

«ልጄ፣ ተወኝ እኮ» አልከኝ።

«ምኑ?»

«ሕመሙ ነዋ። ጭራሽ የለም። ጫማዬን አቀብይኝ፤ ሱሪ የሚለካ ሰው ቀጥሬያለሁ።»

አላመንኩህም። ኢሲጂውን ደገምኩት፤ መስመሩ ወደ ቦታው ሊመለስ ትንሽ ቀርቶታል። እሱንም አላመንኩትም። የሌላ በሽተኛ ወረቀት እንዳይሆን ስምህን ሁለት ጊዜ አነበብኩ፤ ገመዶቹን ነቅዬ እንደገና ለጠፍኩ። ሐኪሙ «ደም ሥሩ በራሱ ተከፍቶ ይሆናል፤ አንዳንዴ ያጋጥማል» ሲለኝ በጎሪጥ አየሁት።

«ከአስር ስንት ያምሃል?»

«ዜሮ አልኩሽ!»

«አትዋሸኝ!» ብዬ ጮህኩብህ፤ በሽተኛው፣ አስታማሚው ሁሉ ዞሮ እስኪያየን። አንተ ፊትህን ወደ ግድግዳው አዞርክ።

ከዚያ በእጅህ ደም ሥር ቀጭን ቱቦ አስገብተው ልብህን በስክሪን አዩት። ሐኪሙ ሲወጣ «አባትሽ እውነታቸውን ነው፤ ደሙ ይሄዳል» አለኝ። «ግን መንገዱ ጠቧል፤ የረጋው ደምም ጨርሶ አልጠፋም። ቤታቸው ሄደው ቢሆን መልሶ ሊዘጋ ይችል ነበር። አስፍተንላቸዋል።»

እውነትህን ነበር፣ አባዬ። ይቅር በለኝ።

ለምን እንዳላመንኩህ ግን ጠይቀኸኝ አታውቅም። እናቴ ስትታመም እኔ ሩቅ፣ ትምህርት ላይ ነበርኩ። በደወልኩ ቁጥር አንተ «ደህና ናት፤ አንቺ ፈተናሽን ጨርሺ» ትለኝ ነበር። ስመጣ ተቀብራ ጠበቀችኝ። ከዚያ ወዲህ «ደህና ነኝ» የሚለኝ ሰው ሁሉ አንድ ነገር የደበቀኝ ይመስለኛል። ለሥራዬ በጅቶኛል። አንተን ግን አሳጣኝ።

ቅዳሜ ተረኛ አይደለሁም፤ እመጣለሁ። ደረትህን አላዳምጥም፤ ክኒንህን አልቆጣጠርም። በመጨረሻዎቹ ቀናት እናቴ ጠርታኝ እንደሆነ ብቻ ንገረኝ። ጠርታኝ ከነበረም ንገረኝ። አልጮህብህም።

ያሳፈረችህ ልጅህ